ዳገቱን በኪሎ ሜትር አትቁጠሩት

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን መሪውን ራሳችን ይዘን ከጎንደር እንነሣለን። በዳባትና በደባርቅ አድርገን፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጠን ጃናሞራ ወረዳ እስክንደርስ ያለውን ጉዞ እንዴት እንደምናሰናዳ እንነጋገራለን። ቤተሰቡን ይዞ አገሩን ማየት ለሚፈልግ፣ ከውጭ አገር ለዕረፍት መጥቶ መኪና ለሚከራይ፣ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ለሚወጣ ወጣት ይጠቅማል ብለን ያሰብነውን ሁሉ ይዘናል። እስክሪብቶና ወረቀት አቅርቡ።

ካርታ ዘርግቶ ለተቀመጠ ሰው ሒሳቡ ቀላል ነው። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደባርቅ ፓርኩ ውስጥ እስካለው የጨነቅ ማደሪያ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሲደመር 160። «ማለዳ ወጥቼ፣ ቀትር ላይ ዋልያ አይቼ፣ ለእራት ጎንደር እመለሳለሁ» ይላል። ከዓመታት በፊት እኔም ይህንኑ ሒሳብ ሠርቼ ነበር። ሳንቃበር ከተባለው የፓርኩ ማደሪያ ጥቂት አለፍ እንዳልኩ ጎማዬ ተነፈሰ። ትርፉን ጎማ፣ ስኮርታውን፣ አወረድኩ፤ እሱም ነፋስ የለውም። ጎንደር ላይ አንድ ደቂቃ ወስጄ በእጄ ብጫነው የማውቀውን ነገር ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አወቅሁት። ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም።

ከጃናሞራ በኩል ገብስ ጭኖ የሚመጣ አይሱዙ ቆመልኝ። ሾፌሩ ወጣት ነው። ወርዶ ጎማውን አየ፣ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ፤ «ጋሼ፣ እዚህ አገር መንገድ በኪሎ ሜትር አይቆጠርም፤ በፀሐይ ነው የሚቆጠር» አለኝ። እኔንም ጎማውንም ጭኖ ደባርቅ ጎሚስታ ቤት አደረሰን። ገንዘብ ብሰጠው አልቀበልም አለ። አብሮኝ የነበረው ስካውት፣ ከፓርኩ የተመደበልኝ ጠባቂ፣ ግን መኪናው ዘንድ ቀረ። ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ ንብረቴን ሲጠብቅ አደረ። እኔ አንድ ደቂቃ ስለሰሰትኩ እርሱ አንድ ሌሊት ከፈለ። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያ ሌሊት የተማርኩት ነው ብል አላጋነንኩም።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ ጉዞ ከማሰናዳታችን በፊት የምንሄድበትን ቦታ እንወቀው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው በፈረንጆቹ 1969 ነው። በ1978 ከቅዱስ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ያ ዓመት መዝገቡ የተከፈተበት ዓመት ነው። ከመላው ዓለም ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች ሁለቱ የእኛ ነበሩ ማለት ነው።

ብዙ ሰው «የአፍሪካ ሳፋሪ» ሲባል ሜዳ ላይ የተኛ አንበሳና በመንጋ የሚጓዝ ዝሆን ይታየዋል። እንዲያ ዓይነቱን የሚሻ ሰው የደቡብ አፍሪካውን ክሩገርን ያስባል። ክሩገር 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ፓርክ ነው። አስፋልት አለው፣ በሮቹ በሰዓት ይከፈታሉ፣ በሰዓት ይዘጋሉ። ጎብኚው ከተፈቀዱ ቦታዎች በቀር ከመኪናው እንዳይወርድ በጥብቅ ይከለከላል። የእኛው ሰሜን ከተስፋፋ በኋላ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አንበሳም ዝሆንም የለበትም። ደንቡም የክሩገር ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል፤ እዚህ የሚታየውን ነገር ለማየት ከመኪና ወርዶ መራመድ ግድ ነው። መኪናው ገደሉ አፋፍ አጠገብ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር ነው።

ታዲያ ምን ይታያል? በመጀመሪያ መሬቱ ራሱ። በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት እሳተ ገሞራ ደራርቦ ያነጠፈውን የባዛልት ድንጋይ ዝናብና ወንዝ ቆርጠው፣ አንዳንዱ ቦታ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ገደል አድርገውታል። በገደሉ ላይ ዋልያ ይኖራል። ዋልያ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በስተቀር የትም የለም፤ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን በስሙ የሚጠራው ይህ እንስሳ ዛሬ በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ነው። በሣሩ ላይ ጭላዳ በመቶዎች እየሆነ ይሰማራል። ከዝንጀሮ ወገን ሣር ግጦ የሚኖር እርሱ ብቻ ነው፤ መገኛውም የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ። ቀይ ቀበሮም አለ፤ በመላ አገሪቱ ያለው ጎልማሳ ቀይ ቀበሮ ተደምሮ 500 ገደማ ቢሆን ነው። ሰማዩ ላይ ደግሞ አጥንት ከከፍታ ጥሎ በድንጋይ ላይ ሰብሮ መቅኑን የሚበላው ትልቅ አሞራ ያንዣብባል።

እንግዲህ ወደ ዝግጅቱ እንግባ። በመጀመሪያ ጊዜው።

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ክረምት ነው። ጭጋጉ ገደሉን ይሸፍነዋል፣ የፒስታው ጭቃ ጎማ ይይዛል፣ ጎርፍም መንገድ ይቆርጣል። ምርጡ ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው። በጥቅምት አየሩ ታጥቦ የጠራ ነው፤ ከአፋፉ ሆናችሁ ቆላው ድረስ ታያላችሁ። የወገራ አካባቢ ገብስም በመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ይቀበላችኋል። ከጥር እስከ መጋቢት ደረቅ ነው፤ ለመንገዱ ደግ፣ ለሣሩ ክፉ ጊዜ ነው። በፈረንጆቹ 2019፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ በፓርኩ የተነሣው እሳት የጓሳውን ሣርና የአስታውን ዛፍ በላ። ለማጥፋት ከውጭ አገር ባለሙያና ሄሊኮፕተር እስከ መምጣት ተደርሷል። በበጋ የሚሄድ ሰው ክብሪትና ሲጋራ ላይ ያለበት ኃላፊነት ከሌላው ጊዜ ይበልጣል።

ሁለተኛው፣ የመንገዱን ሰላም ማጣራት ነው። ባለፉት ዓመታት ጦርነትና አለመረጋጋት ዳባትንም ደባርቅንም፣ ወደዚያ የሚያደርሱትንም መንገዶች ነክቷል። ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት፣ እንደገናም በመነሻችሁ ዋዜማ ጠይቁ። ደባርቅ የሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ የአካባቢው አስጎብኚዎች፣ መስመሩ ላይ የሚሠሩ ሾፌሮች ሁኔታውን ያውቃሉ። አንድ ሰው ብቻ ጠይቃችሁ አትነሡ። መንገዱ አይመችም ከተባላችሁ ጉዞውን አቆዩት። ተራራው የትም አይሄድም። ከአዲስ አበባ በመኪና መምጣት የሚያስጨንቅ ከሆነ እስከ ጎንደር በአውሮፕላን መጥቶ መኪናውን እዚያው መከራየትም ይቻላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ሦስተኛው መኪናው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ራሱ ለሚነዳ ሰው የጉዞው ግማሽ ይህ ነውና።

እስከ ደባርቅ አስፋልት ስለሆነ ትንሽ የቤት መኪናም ይወስዳል። ከደባርቅ በኋላ ግን መንገዱ ፒስታ ነው፤ ኮረኮንቹ ሹል ድንጋይ አለው፣ ዳገቱም ጠንከር ያለ ነው። ከፍ ያለና በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ያስፈልጋል። ትንሽ መኪና ያለው ሰው መኪናውን ደባርቅ አስጠብቆ ከዚያ የሚወጣ መኪና ቢከራይ ገንዘቡን አላባከነም፤ የሞተሩን የዘይት ቋት፣ ካርተሩን፣ አድኗል።

አሁን አንድ የሳይንስ ነገር ልንገራችሁ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። 4,200 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ በዚህ ከፍታ ወዳለው የቧሂት ማለፊያ ስትደርሱ መኪናችሁ ከአንድ ሦስተኛ የሚበልጠውን ጉልበቱን ትቶ የሚወጣ ነው። «መኪናው ታመመ» ብላችሁ አትደንግጡ። ማርሹን ቀድማችሁ ቀንሱ፣ ቤንዚኑን አታስጨንቁት፣ የራዲያተሩን ሙቀት በዓይናችሁ ጠብቁ። በአዲስ አበባ ከተማ ውስጥ ሰባት ሰው የሚችል መኪና እዚህ አምስት ሰው ሲይዝ ይደክመዋል።

ቁልቁለቱ ደግሞ የፍሬን ፈተና ነው። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ የሚባለው የቀድሞ ሾፌሮች ምክር ዛሬም እውነት ነው። ዳገቱን በሁለተኛ ከወጣችሁት ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ውረዱ፤ መኪናውን ሞተሩ ይያዘው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፎሌ አድርጎ መውረድ በፍጹም አይደረግም። ፍሬኑ እንደ ተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፤ ራሱ በአየር ይቀዝቀዝ፣ ውኃ አታፍስሱበት።

ከጎንደር ከመውጣታችሁ በፊት መካኒክ የሚያያቸውን ልቁጠርላችሁ። የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት፣ ቺንጋ፣ የራዲያተር ውኃ፣ ባትሪ፣ አራቱ ጎማ፣ አምስተኛውም ስኮርታው! ስኮርታውን በዓይናችሁ አይታችሁ አትለፉ፤ አስወርዳችሁ አስነፉት። የሚቻል ከሆነ ሁለት ስኮርታ ያዙ። ክሪኩ እንደሚሠራ ሞክሩት፣ የጎማው ቁልፍ ከብሎኑ ጋር እንደሚገጥም አረጋግጡ። ለስላሳ መሬት ላይ ክሪክ ስለሚሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ ጫኑ። የእጅ ባትሪ፣ ገመድና አካፋ ጨምሩ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን በአንድ ፖስታ ይሁኑ። መኪናው የኪራይ ከሆነ ውሉ ከከተማ ውጪና በፒስታ መንገድ መንዳት ይፈቅድ እንደሆነ፣ መኪናው ቢበላሽ ማን እንደሚያስነሣው፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ።

ነዳጅ ጎንደር ላይ ሙሉ፣ ደባርቅ ላይ ካገኛችሁ እንደገና ሙሉ። ፓርኩ ውስጥ ማደያ የለም። በጄሪካን መቅዳት በብዙ ቦታ ስለሚከለከል በመጠባበቂያ ጄሪካን አትተማመኑ። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ረጅም ዳገት የሚወጣ መኪና ከተማ ውስጥ ከለመደው እጅግ አብልጦ ይበላል። ለማደያው ስልካችሁ ላይ ገንዘብ ይኑር፤ ለተራራው ግን ዝርዝር ብር ያዙ። ኔትወርክ በሌለበት የበቅሎ ኪራይ በስልክ አይከፈልም።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ አሁን መንገዱን በቀን እንከፋፍለው። መነሻችን ጎንደር ነው፤ ከአዲስ አበባ በመኪና ለሚመጣ ሰው ጎንደር እስኪደርስ ሁለት ሙሉ ቀን መድቡ። ምክንያቱም የደከመ ሾፌር ገደል አፋፍ ላይ መንዳት የለበትም።

የመጀመሪያው ሌሊት ጎንደር ነው፤ ከፍታው 2,100 ሜትር አካባቢ። በማግሥቱ በወለቃ አድርጋችሁ፣ ኮሶዬ ላይ ቆም ብላችሁ ቆላውን ቁልቁል ተመልክታችሁ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፋችሁ ደባርቅ ትገባላችሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ቢበዛ ሦስት ሰዓት ነው። ዳባት ላይ ምሳ ብሉ፤ ገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሰውና ከብት ስለሚሞላ በዝግታ እለፉ። ሁለተኛውን ሌሊት ደባርቅ እደሩ። «እንዲህ በጊዜ ደርሼ ለምን አድራለሁ?» የሚል ሰው ይኖራል። ደባርቅ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሰውነታችሁ እዚያ ማደር አለበት። ከሰዓት በኋላ ሥራም አለ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የመግቢያውን፣ የመኪናውንና የማደሪያውን ክፍያ ፈጽሙ፣ ደረሰኙን ለበሩ ያዙ፣ ስካውትም ይመደብላችኋል። ስካውት የግድ ነው። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ እንደ ፍላጎታችሁ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ፤ መኪናው አምስት ሰው ይዞ ከመጣ ስካውቱ የት ይቀመጣል? ወንበሩን ከቤታችሁ ስትነሡ ባዶ አድርጋችሁ ኑ። ብርድ ልብሱንና ምግቡንም አስቡለት።

ሦስተኛው ሌሊት ሳንቃበር ነው፤ 3,250 ሜትር። ከደባርቅ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። በመንገድ ላይ ጭላዳ ታያላችሁ። መኪና አቁማችሁ፣ ሞተር አጥፍታችሁ፣ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ እነሱ ራሳቸው እየጋጡ አጠገባችሁ ይመጣሉ። ከሳንቃበር ወደ ጨነቅ ስትሄዱ የጅንባር ፏፏቴ ወደሚታይበት አፋፍ አጭር የእግር መንገድ አለ። ከክረምት ማግሥት ውኃው ሙሉ ነው፤ በበጋ ይቀጥናል።

አራተኛው ሌሊት ጨነቅ ነው፤ 3,600 ሜትር አካባቢ። ዋልያ ለማየት የሚሻለው ቦታ ይህ ነው። ማለዳ ፀሐይ ገደሉን ሳታሞቅ ውጡ፤ የጅብራው ተክል እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ በቆመበት ቁልቁለት፣ ቡናማ ቀንዳቸውን ወደ ኋላ የቆለመሙ ወንዶቹን ታያላችሁ። የግጭን መንደር ቦታና እመት ጎጎ የተባለውን አፋፍ ማየት የሚፈልግ ሰው መኪናው እንደማይደርስ ይወቅ፤ ወደዚያ የሚወጣው በእግር ወይም በበቅሎ ነው፤ አንድ ቀን ይጨምር።

አያችሁት? 2,100፣ 2,800፣ 3,250፣ 3,600። መሰላል ነው። በአንድ ቀን ከጎንደር ጨነቅ ወጥቶ የሚያድር ሰው የመሰላሉን ሁለት እርከን ዘልሏል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መዘጋት ይመጣበታል። ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታን በአንድ ቀን ከ500 ሜትር አብልጣችሁ አትጨምሩ ይላሉ። ሕመሙ ከጀመረ ሌላ አትውጡ፤ ከባሰ፣ በተለይም ሰውየው ቁጭ ብሎ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ወይም እየተንገዳገደ መራመድ ካቃተው፣ ሌሊትም ቢሆን መድኃኒቱ መውረድ ነው። ደባርቅ ሐኪም ቤት አለ፣ ጎንደር ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነችና ሕፃን የያዘ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። መሪ የሚይዘው ሰው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከመጠጥ ይታቀብ።

ብርዱን አትናቁት። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ጨነቅ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወድቃል። ወፍራም ጋቢ፣ ካፖርት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ሁለት ሁለት ካልሲ። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል። ለምግቡም አንድ ነገር እወቁ፤ እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ምስርና ድንች ቤት ከለመዳችሁት ሰዓት በላይ ይወስዳል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ ያዙ፤ የአገራችን ስንቅ ለተራራ የተሠራ ነው። ምድጃችሁ የጋዝ ይሁን። አስታ ለማደግ ብዙ ዓመት ይወስዳል፤ እሱን በአንድ ማታ እሳት ማንደድ አግባብ አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አብዛኛው ጎብኚ ከጨነቅ ይመለሳል። እኔ ግን ጊዜና መንገዱ ከፈቀደ አንድ ቀን ጨምሩ እላለሁ። ከጨነቅ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ቧሂት ማለፊያ ይወጣል፤ 4,200 ሜትር አካባቢ። የቧሂት ጫፍ ራሱ ከ4,400 ሜትር ያልፋል፤ በሩቅ ማዶ ደግሞ የኢትዮጵያ ትልቁ ተራራ ራስ ደጀን፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ሆኖ ይታያል። ከማለፊያው ወዲያ መንገዱ ወደ ጃናሞራ ይወርዳል፤ ወደ መካነ ብርሃን ከተማ።

ጃናሞራ ለታሪክ ወዳጅም ትልቅ አገር ነው። ደራስጌ ማርያም ያለችው እዚህ ነው። የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት፣ ሊነግሡባትም ያሰቧት ቤተ ክርስቲያን ናት። የካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ውቤን በዚያው በደራስጌ ድል አደረጓቸው፤ ውቤ ለራሳቸው ባሰናዷት ቤተ ክርስቲያንም በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ጭነው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ያ ሁሉ ሠራዊት ይህን ዳገት የወጣው በእግርና በበቅሎ ነበር። ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ ይህን አስቡት።

ስለ መንገዱ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ የሚወስደው ይህ መንገድ የዋልያን መኖሪያ ሰንጥቆ ያልፋል። በፈረንጆቹ 1996 ፓርኩ አደጋ ላይ ከወደቁ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ የመንገድ ሥራው ነበር፤ ከዋልያ ቁጥር መቀነስና ከእርሻው መስፋፋት ጋር። ከመዝገቡ እስኪወጣ 21 ዓመት ፈጅቷል፤ በ2017 ነው የወጣው። ለዚህም የአካባቢው ሰው ከባድ ዋጋ ከፍሏል፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎች አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከኖሩበት ተነሥተው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። የመኪናው ብዛት በፓርኩ ውስጥ እንዲቀንስ፣ ከፓርኩ ውጪ የሚያልፍ አማራጭ መንገድ እንዲኖርም ሲጠየቅ ቆይቷል። ስትደርሱ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ ደባርቅ ላይ ጠይቁ።

በሌላ በኩል ይኸው መንገድ ለጃናሞራ ሰው ሕይወት ነው። ምጥ የያዛት እናት የምትወርደው በዚህ ነው። ገብሱ ለገበያ፣ ጨውና መድኃኒቱ ለቤት የሚመጣው በዚህ ነው። እንግዲህ እኛ ለደስታችን የምንነዳው ሰዎች በሁለት ባለቤቶች መካከል እናልፋለን። አንደኛው መናገር የማይችል እንስሳ ነው፤ ሁለተኛው ከእኛ ይልቅ የሚቸኩልበት ምክንያት ያለው ሰው ነው። ለሁለቱም እንግዳ ነን።

እንግዳ እንዴት ይነዳል? በፓርኩ ውስጥ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አትለፉ። ጠባብ ላይ ዳገት ለሚወጣው ቁሙለት፤ አውቶቡስና ጭነት መኪና ሲመጣ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ አሳልፉ። ዕይታ በሚሸፍን ኩርባ ላይ ክላክስ አንዴ ነካ አድርጉ፤ በቅሎ አጠገብ ግን አታጩኹ፣ ጭነቷን ይዛ ገደል ትገባለች። ከመንገድ ወጥታችሁ ሣር ላይ አትንዱ፤ ጎማ የረገጠው ጓሳ ለዓመታት አይመለስም። ጭላዳን በፍጹም አትመግቡ። ዳቦ የለመደ ጭላዳ ሣሩን ይተውና የሰው ማሳና የሰው ከረጢት ይዘርፋል፤ ኋላም በድንጋይ የሚባረረው እርሱ ነው። ውሻ ይዛችሁ አትምጡ፤ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን ይጨርሳል። ልጆች መኪናውን ከበው ሲለምኑ ከመስኮት ከረሜላ አትበትኑ፤ ልጆቹ መኪና ተከትለው መሮጥን ይማራሉ፣ ከትምህርት ቤትም ይቀራሉ። መርዳት የሚሻ ሰው ከመንደሩ እንቁላሉን፣ ማሩን፣ ጠላውን፣ ከሱፍ የተሠራውን ኮፍያ ይግዛ፤ ለስካውቱና ለበቅሎ ጎታቹ ተገቢውን ይክፈል። የያዛችሁትን ፕላስቲክ ሁሉ ይዛችሁ ውረዱ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ሾፌር እንዳለኝ፣ መንገዱን በፀሐይ ቁጠሩ። ጠዋት በ2 ሰዓት ተነሡ፣ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ማደሪያችሁ ላይ ሁኑ። በመካከል ያለው ስምንት ሰዓት ለማየት፣ ለመቆም፣ ሻይ ለመጠጣት፣ ሌላ መኪና ቢበላሽበት ደግሞ ወርዶ ለመርዳት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በሰሜን ገደል ላይ የፈሰሰ ነገር አይለቀምም።

(ሙዚቃ ከሥር ይጀምራል)

አድማጮቻችን፣ የዛሬውን በአጭሩ እናስታውስ። ጊዜው ከመስከረም መጨረሻ በኋላ። ሰላሙ ሁለት ጊዜ ተጣርቶ። መኪናው ከፍ ያለ፣ ስኮርታው የተነፋ፣ ጋኑ ሙሉ። ማደሪያው ጎንደር፣ ደባርቅ፣ ሳንቃበር፣ ጨነቅ እያለ በእርከን። አንድ ወንበር ለስካውቱ።

በዚያች ሌሊት ማግሥት የተጠገነውን ጎማ ይዤ ስመለስ ስካውቱ መኪናው አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። መስታወቱ ላይ ውርጭ ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘኝና ወደ ገደሉ አመለከተኝ። ከታች፣ ፀሐይ ባልነካው ጠርዝ ላይ፣ አምስት ዋልያዎች ቆመው ነበር። ሌሊቱን የከፈለው እርሱ ሲሆን ዋልያውን ያሳየው ለእኔ ነው። ዛሬም ከጉዞ በፊት ጎንበስ ብዬ ስኮርታዬን ስጫን ትዝ የሚለኝ እርሱ ነው።

በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ። 

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ይላል)